የቀለም፣ የቤንዚንና የቲነር ሽታ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማተሚያ ቤት ውስጥ የዋለ አፍንጫ ቶሎ ይደነዝዛል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት በረዳትነት ስገባ የመጀመሪያውን ሳምንት ራሴን ሲያዞረኝ ከረመ። "ጋሼ፣ ትንሽ ያዞረኛል" አልኩት ማሽኒስቱን። ሳቀና "አብሽር፣ ቤንዚኑ ነው፤ ትለምደዋለህ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለመድኩት። ክፋቱ መልመዴ ነበር።

አሁን ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ማሽን እጠግናለሁ። ማተሚያ ቤት፣ ባነር ቤት፣ ቲሸርት የሚያትሙ ልጆች ጋ፣ ላውንደሪ፣ አንዳንዴም ፋብሪካ እገባለሁ። ሁሉም ጋ የሚጠየቀው ተመሳሳይ ነው። በየቦታው ከምደጋግመው ብዬ እዚህ ሰበሰብኩት።

ማሽናችን ጭስ የለውም። ታዲያ አየሩን የሚበክለው ምንድነው?

ትነት ነው። ጭስ ስለሚታይ ሁሉም ይጮህበታል። ትነት ግን አይታይም፤ ስለዚህ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ኦፍሴት ማሽን ላይ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ቀለሙን ነው። ግን የኦፍሴት ቀለም ወፍራም ዘይት ነው፤ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብዙም አይተንም። ዋናው ጥፋተኛ ማጠቢያው ነው። ሮለርና ብላንኬት (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ጎማ) የሚታጠብበት ቤንዚን፣ ቲነር ወይም ሌላ ቶሎ የሚደርቅ ፈሳሽ ማለቴ ነው። ሁለተኛው ማሽኑ በሚጠቀምበት ውሃ ላይ የሚጨመረው አልኮል ነው። ሦስተኛው ወረቀቱ ከኋላው እንዳይቀባ የሚረጨው ነጭ ዱቄት ነው። እሱ አይተንም፤ ግን ሳንባ ድረስ የሚገባ ብናኝ ነው።

ባነር ቤት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ቀለሙ ራሱ አብዛኛው የሚተን ፈሳሽ ነው። ባነሩ እየተጠቀለለ ሲወጣ የሚሸተው እሱ ነው።

እና ስንት ይሆናል? ትንሽ አይደለም እንዴ?

የራሳችሁን ደረሰኝ አውጡ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ማንም አይሰጣችሁም።

ለምሳሌ በወር 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን የማጠቢያ ቤንዚን ገዛችሁ እንበል። ወሩ ሲያልቅ 4 ሊትር ቆሻሻ ቤንዚን በቆርቆሮ ተጠራቅሟል። የቀረው 16 ሊትር የት ሄደ? ደንበኛው የወሰደው የሠርግ ካርድ ላይ የለም። ወለሉ ላይም የለም። አየር ላይ ነው ያለው። በክብደት ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል። በዓመት ሲባዛ የአንድ ኩንታል ተኩል ጉዳይ ነው፤ ለዚያውም በአንዲት ትንሽ ክፍል።

ደግሞ ፈሳሽ ሲተን ምን ያህል እንደሚሰፋ አስቡት። 1 ሊትር ቤንዚን በደሴ አየር ሙሉ በሙሉ ሲተን ከ200 ሊትር በላይ ትነት ይሆናል። አንድ የውሃ ላስቲክ ቤንዚን አሥር ባዶ ጀሪካን ይሞላል ማለት ነው።

ባለቤቶችን ስለ ጤና ባወራቸው ጭንቅላት ይነቀንቁና ዝም ይላሉ። ስለ 16ቱ ሊትር ሳወራ ግን ካልኩሌተር ያወጣሉ። አልፈርድባቸውም። የሚሸታችሁ ነገር የገዛችሁት ነገር ነው።

ደሴ ቀዝቃዛ ናት፤ እዚህ ያን ያህል ይተናል?

ብርዱ ይረዳል። ከፍታው ግን ያንን መልሶ ይወስዳል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ፈሳሽ ለመትነን ይቀለዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ሐረጎን ወርዳችሁ ስትደርሱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፤ እዚያ ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ነው። ቆርቆሮው ክፍት ከሆነ ሁለቱም ከተማ ላይ ያልቃል።

ሌላም ነገር አለ። ደሴ ጦሳ ሥር ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። በበጋ ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ታች ተኝቶ ፀሐይ እስክትሞቅ አይነሳም። የማገዶ ጭሱ ከጣሪያ በላይ ሳይነሳ ተንጣልሎ የምታዩት ለዚህ ነው። የእኛም ትነት እዚያው ነው ያለው፤ ስለማይታይ ነው እንጂ።

ሽታው ከጠፋ አየሩ ጸዳ ማለት ነው?

አይደለም። አፍንጫ ከደቂቃዎች በኋላ ይሰንፋል። ክፍላችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ወጥታችሁ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። በሩን ስታልፉ የሚመታችሁ ነገር ነው እውነተኛው። ዕጣን ማጨስም መፍትሔ አይደለም። ሽታውን ይሸፍነዋል፣ በላዩ ጭስ ይጨምራል። ቤንዚን ባለበት ክፍል ፍም መለኮስ ደግሞ… ሌላው ይቅርና አታድርጉት።

በቤንዚን ማጠብ ምን ችግር አለው? ስንት ዓመት ስንጠቀምበት ኖረናል።

ሦስት ችግር አለው።

አንደኛው እሳት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ስለዚህ የደሴ የነሐሴ ብርድ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ነጭ ጋዝ ግን እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ በቀላሉ የሚለኮስ ትነት አያወጣም። አልኮሉ መካከል ላይ ነው፤ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ሄዶ፣ በሌላ ጥግ ያለ የቡና ምድጃ ወይም የሶኬት ብልጭታ ያገኛል።

ሁለተኛው ቤንዚን ውስጥ ቤንዚን ብቻ አለመኖሩ ነው። ቤንዝን የሚባል ነገር አለበት። ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነው፤ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት የታወቀ ኬሚካል ነው። ለመኪና ታስቦ የተቀመመን ነገር እኛ በባዶ እጃችን በጨርቅ እየነከርን እንሽሞነሞንበታለን።

ሦስተኛው ያው ገንዘቡ ነው።

"ቤንዚን ከሆነ ችግሩ፣ ሌላ ቶሎ የሚደርቅ ማጠቢያ እንግዛ" የሚሉኝ አሉ። እነሱን የጃፓኑን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ኦሳካ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር። ሠራተኞቹ አየሩ በደንብ በማይቀያየር ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብላንኬት ያጥቡ ነበር። የሚያጥቡበት ቶሎ የሚደርቅ ፈሳሽ ዳይክሎሮፕሮፔን የሚባል ነገር ነበረበት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 ነገሩ አደባባይ ወጣ። እዚያ ከሠሩት መካከል 17ቱ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ይዟቸዋል። ይህ በሽታ በብዛት አዛውንት ላይ የሚታይ ነው፤ እነዚህ ግን ሲታወቅባቸው ከ25 እስከ 45 ዓመት ያሉ ሰዎች ነበሩ። በዚያው አቆጣጠር በ2014 የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም ኬሚካሉን ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው። እነዚያ ሰዎች የሠሩት ሥራ የእኛው ሥራ ነው። ያው ብላንኬት፣ ያው ጨርቅ።

ስለዚህ ማጠቢያ ስትገዙ "ቶሎ ይደርቃል" የሚለው ምስጋና አይደለም። ቶሎ ደረቀ ማለት ቶሎ ወደ እናንተ ሳንባ ሄደ ማለት ነው። ስም የሌለው፣ በሃይላንድ ላስቲክ ተገልብጦ የሚሸጥ ፈሳሽ ደግሞ ጭራሽ አትግዙ።

በምን እንጠበው ታዲያ?

ቀስ ብሎ በሚተን ነገር። እኔ የማሳያቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ትርፍ ቀለሙን በስፓቱላ ጥርግ አድርጎ ማንሳት። ብዙዎች ይህን ይዘሉና ቀለሙን በሙሉ በቤንዚን ሊያሟሙት ይታገላሉ። ከዚያ ሮለሩ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ አድርጎ ማሽኑን ማዞር። ዘይቱ ቀለሙን ያላቅቀዋል፤ ሁለቱም ዘይት ናቸውና ይግባባሉ። በማጠቢያው ምላጭ ሲወጣ ታያላችሁ፣ ጥቁሩ ቡናማ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ብቻ በጥቂት ነጭ ጋዝ ወይም ለማተሚያ ተብሎ በተሠራ ዝግ ብሎ የሚደርቅ ማጠቢያ ቅባቱን ማንሳትና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ቅባቱ ጎማው ላይ ከቀረ የሚቀጥለው ሥራ ይበላሻል፤ "ዘይት ሞክረን አበላሸን" የሚሉኝ ሁሉ ይህቺን የመጨረሻ ደረጃ የዘለሉ ናቸው።

አምስት ደቂቃ ያህል ይጨምራል። አልዋሽም። የዘይት ዋጋም የሚያስቅ አይደለም። ግን የሚፈጀው በማንኪያ ነው።

ወተት መጠጣት መርዙን ያጥባል ይባላል።

ይህ ጥያቄ የማይነሳበት ቦታ የለም። ቀለም ቀቢውም፣ በያጁም፣ እኛም ወተት እንጠጣለን። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ጠጡ። ግን ወተቱ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ትነቱ በሳንባ አድርጎ በቀጥታ ደም ውስጥ። መንገድ ላይ አይገናኙም። አንድ ባለቤት ለሠራተኞቹ በየቀኑ ወተት እንደሚገዛ በኩራት ነገረኝ። የወሩን ሂሳብ አብረን ብንደምረው ጥሩ የአየር መሳቢያ ፋን የሚገዛ ገንዘብ ሆነ። ፋኑንም ገዛ፣ ወተቱንም አልከለከላቸውም። ወሎዬ ነዋ።

በክረምት ብርዱ አይቻልም። በሩን ከፍተን እንዴት እንሥራ?

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ጉሙ እስከ ደጃፍ ይመጣል። ማንም በሩን ከፍቶ አይሠራም። ወረቀቱም እርጥበት ይጠጣና ይጣመማል። ስለዚህ "አየር አስገቡ" ብሎ መሄድ ምክር አይደለም።

መጀመሪያ የክፍሉን አየር በሙሉ ለመቀየር አትነሱ። ትነቱን ከመነጨበት ቦታ ያዙት። ጨርቅ የሚነከርበትን፣ ቆርቆሮ የሚከፈትበትን፣ ትናንሽ ዕቃ የሚታጠብበትን ሥራ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስቡ። ጠረጴዛውን በሦስት ጎን በቆርቆሮ ሸፍኑት፤ ከኋላ ዝቅ አድርጋችሁ ቱቦ አውጡለት፤ ፋኑ ከዚያ ይሳብ። እንዲህ ሲሆን ትንሽ አየር ብቻ ነው የምታወጡት። ክፍሉ አይቀዘቅዝም።

ማሽኑን የማጠቡን ሥራ ደግሞ በሰዓት ወስኑት። ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ከምታጥቡ ከምሳ በፊትና ማታ ከመውጣት በፊት። ያን ጊዜ በሩ ለሩብ ሰዓት ይከፈት፣ ሰዉ ይውጣ፣ ቡናውን ይጠጣ። ቀለም መቀያየር የግድ ከሆነም ከፈዛዛው ወደ ጠቆረው አሰልፉት፤ ከቢጫ ጀምሮ በጥቁር የሚጨርስ ማሽኒስት ከጥቁር ወደ ቢጫ ከሚሄደው ያነሰ ያጥባል።

አጠቃላይ ፋን የምታስገቡ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 3 ከሆነ 60 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት 10 ጊዜ ይቀየር ብንል በሰዓት 600 ሜትር ኩብ የሚስብ ፋን ያስፈልጋል። ሻጩን በኢንች ብቻ አትጠይቁት፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የአየር መጠን አንብቡ።

ስሌቱ ልክ ሆኖ አገጣጠሙ ስህተት የሆነበትን ብዙ አይቻለሁ። አንድ ቦታ ፋኑን ጣሪያ ሥር፣ ልክ ከበሩ በላይ ሰቅለውታል። አየሩ በበሩ ይገባል፣ ቀና ብሎ በፋኑ ይወጣል። ማሽኑ ያለው ጥግ ላይ ቅንጣት ታህል ንፋስ የለም። የሶፍት ቁራጭ በክር አንጠልጥዬ አሳየኋቸው፤ በሩ ጋ ይወዛወዛል፣ ማሽኑ ጋ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። የሟሟ፣ ማለትም እንደ ቤንዚንና ቲነር ያለ የሚያሟሟ ፈሳሽ፣ ትነት ከባድ ነው፤ መሳቢያው ዝቅ ብሎ፣ ከአየር መግቢያው በተቃራኒ ይሁን። ንጹሑ አየር መጀመሪያ ሰውየውን ከጀርባው ይንካው፣ ቀጥሎ ማሽኑን፣ ከዚያ ይውጣ። የጣሪያ ቬንትሌተር አየሩን ያማስላል እንጂ አያወጣም። ቤንዚን ወይም አልኮል ባለበት ደግሞ ሞተሩ ትነቱ መንገድ ላይ አይቀመጥ፤ ብልጭታ የማይሰጥ ዓይነት ካልሆነ ከቱቦው ውጭ ሆኖ ያዙር።

ፋኑ የሚያወጣው አየር የት ይሂድ?

ከጣሪያ በላይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ። ዝናብ እንዳይገባ ብለን ቱቦው ጫፍ ላይ የቆርቆሮ ኮፍያ እንደፋለን። ኮፍያው ግን አየሩን መልሶ ወደ ታች፣ ወደ ጎረቤት መስኮት ይገፋዋል። በኮፍያ ፈንታ ትንሽ ሰፋ ያለ ቱቦ ከላይ ደርቡበት፤ ዝናቡ በዳር ይወርዳል፣ አየሩ ወደ ላይ ይሄዳል። ጎበዝ ቆርቆሮ ሠሪ በግማሽ ቀን ይሠራዋል።

ግን እንተማመን። ፋን ሠራተኛውን ያድናል፣ ከተማውን አያድንም። 16ቱ ሊትር ያው ወጥቷል። ሁለቱንም የሚያድነው አነስ ያለ ፈሳሽ መጠቀምና ክዳን ነው።

ክዳን? ይሄ ነው ምክራችሁ?

አዎ። በየቀኑ የማየው ክፍት ቆርቆሮ ነው። አፉ የእጅ መዳፍ ያህል ሰፊ፣ ውስጡ ግማሽ ቤንዚን፣ ከጎኑ የነተበ ጨርቅ። ማሽኒስቱ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ይነክርበታል፤ በመሀሉ ያለውን ሰዓት ሁሉ እየተነነ ይቆያል። በቆርቆሮው ፈንታ የሚጨመቅ፣ ቀጭን አፍ ያለው ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ምግብ ቤት የካቻፕ ማቅረቢያ የሚያደርጉት ዓይነት ማለት ነው፤ ላዩ ላይ ግን በትልቁ "ቤንዚን" ብላችሁ ጻፉበት፣ ሌላ ጉድ እንዳይመጣ። ጨርቁን ከመንከር ጨርቁ ላይ ጠብ ማድረግ። አንድ ደሴ ያለ ልጅ ይህችን ብቻ ቀይሮ ጀሪካኑ ከወሩ አልፎ ሄደለት።

ያገለገለውን ጨርቅ የት እናድርገው?

ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ። ክፍት ካርቶን ውስጥ የተጣለ የራሰ ጨርቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲተን ያድራል። በዚያ ላይ አንዳንድ ቀለም የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው፤ የተልባ ዘይት ያለበት በተለይ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ተከምሮ ሲያድር ራሱን በራሱ እያሞቀ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም።

አልኮሉን መቀነስ ይቻላል?

ይቻላል። ብዙ ማሽኒስት በዓይኑ ነው የሚያፈሰው። ሥራውን ያስተማረው አለቃ ያፈስ የነበረውን ያህል ያፈሳል። ብዙ ማሽን የሚሠራው ከ5 እስከ 15 በመቶ ባለው ውስጥ ነው፤ የእናንተ ስንት እንደሆነ በመለኪያ እዩት። የውሃው አሲድነትም (ፒኤች) ከ4.5 እስከ 5.5 መካከል ይሁን። ውሃው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከቀዘቀዘ አልኮሉ በዝግታ ይተናል፤ ደሴ ላይ ይህ በነጻ የተሰጠ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ማቀዝቀዣው መሥራት አለበት። የውሃ ሮለሩ ጎማ ያረጀ ከሆነ ግን ምንም ብታደርጉ አልኮል መጥራቱ አይቀርም። እኔ መጀመሪያ የማየው ጎማውን ነው።

ማስክ አድርገን ብንሠራስ?

ከኮቪድ ጊዜ የተረፈው የወረቀት ማስክ ዱቄትና ብናኝ ትንሽ ይይዛል። ትነት በውስጡ ሰተት ብሎ ያልፋል። ለትነት የሚሆነው ከጎንና ጎኑ ካርትሪጅ ያለው፣ ውስጡ የነቃ ከሰል የተሞላ የጎማ ማስክ ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራው ካርትሪጅ ቡናማ ቀለበት አለው። ካርትሪጁ ይሞላል። ሽታው በማስኩ ውስጥ ሲመጣባችሁ አልቋል፤ ጣሉት። ማታ ሜዳ ላይ ጥላችሁት ከሄዳችሁ ደግሞ ባትጠቀሙበትም ሌሊት የክፍሉን ትነት ሲጠጣ ያድራል። በተዘጋ ላስቲክ አስቀምጡት። ጺም ላይ አይገጥምም፤ ይህን የምነግራቸው ወንድሞች ሁሉ ይስቁብኛል።

ከሰል ትነት ይይዛል ካላችሁ፣ የቤት ከሰል ፋኑ ላይ ብንደረድርስ?

ኮምቦልቻ አንድ ወንድሜ ሞክሮት ነበር፤ ሐሳቡን አደነቅኩ። የምድጃ ከሰል ግን ቀዳዳዎቹ ጥቂት ናቸው። የነቃ ከሰል የሚባለው በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ተሠርቶ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነው፤ አንድ እፍኝ ውስጥ ያለው ገጽ ቢዘረጋ የኳስ ሜዳዎችን ይሸፍናል። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ይዞ ይጠግባል። ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ማጣሪያ ገዝታችሁ ከሰቀላችሁት በየጊዜው ሚዛን ላይ አውጡት። ክብደቱ መጨመር ሲያቆም ሥራውን ጨርሷል። ዓመት ሙሉ ሳይቀየር የተሰቀለ ማጣሪያ ጌጥ ነው።

ባነር ቤት ነን። ሽታው ደንበኛ ያባርርብናል።

በተቻለ መጠን ማሽኑን ከደንበኛ መቀበያው ለዩት። የወጣውን ባነር ወዲያው ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት፤ ሲፈታ ሁሉንም አንድ ላይ ይለቀዋል። ፋን ያለበት ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ይደር። ማሽን የምትቀይሩ ከሆነ በውሃ የተመሠረተ ወይም በአልትራቫዮሌት መብራት የሚደርቅ ቀለም የሚጠቀመውን ጠይቁ። የመብራቱ ዓይነት ምንም የሚተን ሟሟ የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የሜርኩሪ መብራት ያላቸው ኦዞን ያመነጫሉ፣ ፎቶኮፒ ቤት የሚሸተውን ዓይነት። ያም መሳቢያ ይፈልጋል። በኤልኢዲ የሚሠራው ኦዞን የለውም። "ኢኮ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀለም ሽታው ይቀንሳል እንጂ ሟሟ አለው፤ ቃሉ አያታልላችሁ።

ከፎቅ በታች ማሽን፣ ከኋላ መኝታ ያላቸው ቤቶችንም አይቻለሁ። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር የሚያድርበት ክፍል ከማሽኑ ክፍል ጋር አየር አይጋራ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ላውንደሪስ? ድራይ ክሊኒንግ ውሃ የለውም፣ ንጹሕ ነው ይባላል።

ውሃ የለውም ማለት ምንም የለውም ማለት አይደለም። በብዙ አገር ደረቅ እጥበት የሚሠራው ፐርክሎሮኢቲሊን በሚባል ፈሳሽ ነው። ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። ትነቱ ከአየር አምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብለው ከተመደቡት ውስጥ ነው። አሜሪካኖች በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ከላውንደሪ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲወጣ ወስነዋል። እንግዲህ ያገለገለ ማሽን በርካሽ ከውጭ መጣላችሁ ስትባሉ፣ ለምን ረከሰ ብላችሁ ጠይቁ።

ማሽን ሲመረጥ የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ ልብሱ በዚያው ከበሮ ውስጥ ታጥቦ እዚያው ይደርቃል ወይስ እርጥቡ በእጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ማድረቂያ ይገባል? ሁለተኛው ከሆነ በሚወጣበት ቅጽበት ትነቱን የሚስበው ያ ልጅ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ዝግ ናቸው፤ ትነቱን በማቀዝቀዣ መልሰው ፈሳሽ ያደርጉታል፣ የቀረውን በከሰል ይይዛሉ። የበሩ ጎማ ከተቀደደ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ደንበኛ ከሆናችሁ ደግሞ ያመጣችሁት ሱፍ ከሸተተ ላስቲኩን ገፍፋችሁ ውጭ አናፍሱት እንጂ ቁምሳጥን ውስጥ አታስገቡት። አንዳንዱ ቤት ስሙ ድራይ ክሊኒንግ ይሁን እንጂ በውሃ ነው የሚያጥበው። ለአየሩ እሰየው።

የጋራዥና የብረታ ብረት ዕቃ ማጠቢያስ?

ያው ነው። ክዳን ያለው ገንዳ፣ ቀስ ብሎ የሚተን ፈሳሽ፣ የሚቻለውን በሙቅ ውሃና በሳሙና። ብረቱን ከገንዳው ስታወጡ በላዩ ላይ አንጠልጥላችሁ ጠብታው እስኪያቆም ቆዩ። የታመቀ አየር አትንፉበት፤ ፈሳሹን ጉም ታደርጉታላችሁ።

ኮምቦልቻ ያሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች ከዚህ የተለየ ምን ማድረግ አለባቸው?

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ "እኛን ትታችሁ እነሱን ጠይቁ" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ልክ ነው፣ መጠኑ ሲያድግ ክዳን ብቻ አይበቃም። በፋብሪካ ደረጃ ትነቱ በቱቦ ተሰብስቦ ወይ በከሰል ይያዛል፣ ወይ ይቃጠላል። ማቃጠያው ትነቱን ከ760 እስከ 870 ዲግሪ አካባቢ አድርሶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለውጠዋል፤ ማፋጠኛ ብረት ካለው በግማሹ ሙቀት ይሠራል። ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ ትነቱ ጥቂትና የተበተነ ከሆነ አያዋጣም፤ መጀመሪያ ማሽኑን መሸፈን፣ የሚወጣውን አየር መቀነስ፣ ከዚያ ማቃጠል።

ጨርቅ ፋብሪካ ላይ ሌላ ነገር አለ። ጨርቁ በሙቀት ተወጥሮ ሲደርቅ ላዩ ላይ ያለው ዘይት ተንኖ ሰማያዊ መሰል ጭጋግ ይሆናል። እሱን የሚይዘው በውሃ የሚያጥብ ወይም በኤሌክትሪክ የሚስብ ማጣሪያ ነው። ልብስ ስፌት ውስጥ ደግሞ ማንም ልብ የማይላት ትንሽ ሽጉጥ አለች፤ የዘይት ነጠብጣብ ያረፈበትን ልብስ በሟሟ እየረጨች የምታነሳው። ብዙ ጊዜ አንዲት እህት ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ናት። መሳቢያ የሌለው የነጠብጣብ ማንሻ ጠረጴዛ ካያችሁ ከጭስ ማውጫው በፊት እሱን አስተካክሉ።

የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ርዕስ ይፈልጋሉ። የራሳችሁን ፋን እንዲለኩላችሁ ጋብዟቸው።

ጎረቤታችን ያለው ድርጅት እያፈነን ነው። የት እንሂድ?

መጀመሪያ ወደ ባለቤቱ፣ በወግ። ሽማግሌ የሚፈታው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ሰው ቱቦው ወደ እናንተ መስኮት እንደሚነፋ አያውቅም። የቀንና የሰዓት ማስታወሻ ያዙ፦ መቼ ሸተተ፣ ንፋሱ ከየት ነበር።

ካልሆነ ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በእሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማመልከቻውን ስታስገቡ ቀን ያለበት ማኅተም የተመታበት ቅጂ ያዙ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ቆሻሻውን ቤንዚንና ቲነር ቦይ ውስጥ ብንደፋውስ?

ከቦይ ወደ ቦርከና ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ደግሞ መልሶ ይተናል። ሁለቴ በከላችሁ። በክዳን ዕቃ አስቀምጡትና ሁለት ሳምንት አትንኩት። ቀለሙ ታች ይዘቅጣል፣ ላዩ ጠርቶ ይወጣል። የጠራው ለመጀመሪያው ዙር እጥበት ይሆናል። ዝቃጩን ዘግታችሁ አኑሩት፤ እስከ አሁን እዚህ ከተማ ተቀባይ ያገኘ ሰው አላጋጠመኝም፣ ያለኝ መልስ ይሄው ነው።

የተበላሸ ባነርና ቁርጥራጭ ብናቃጥልስ?

አታቃጥሉት። ባነር ፒቪሲ ነው፤ ውስጡ ክሎሪን አለ። ሲቃጠል ጉሮሮ የሚከረክር አሲድና ዳይኦክሲን ያወጣል። ሰኞ ገበያ ውሰዱት። ለሸራ የሚሆን ትልቅ ባነር የሚፈልግ ነጋዴ ሞልቷል፤ ስዕሉን ወደ ውስጥ ገልብጦ ሽንኩርቱን ከፀሐይ ይከልልበታል።